የቅዱስ ፍሬምናጦስ ታሪክ፤ እርሱም አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን

ሰው ባልጠበቀው ጊዜ መከራ ሲያገኘው ሁለት መንገድ በፊቱ ይቆማል። አንደኛው የቂም መንገድ ነው፤ በዚህ የሚሄድ ሰው የበደሉትን ሰዎች በልቡ እየቈጠረ፥ የተሰጠውን ሥራ በግድና በስንፍና እየሠራ፥ ዕድሜውን ብድር በመመለስ ምኞት ይጨርሳል። ሁለተኛው የትዕግሥት መንገድ ነው፤ በዚህ የሚሄድ ሰው የደረሰበትን ክፉ ነገር በጎ ነው አይልም፤ ነገር ግን በደረሰበት ስፍራ ሆኖ ሊሠራው የሚገባውን መልካም ሥራ ይፈልጋል። የመጀመሪያው መንገድ ቀላል ነው፥ ብዙ ሰዎችም ይሄዱበታል። ሁለተኛው ከባድ ነው፤ ፍሬው ግን ከሄደበት ሰው ዕድሜ አልፎ ለልጅ ልጅ ይተርፋል።

ቅዱስ ፍሬምናጦስ በሁለተኛው መንገድ የሄደ ሰው ነው። የኢትዮጵያ ሰዎች አባ ሰላማ ይሉታል፤ ደግሞም ሌላ ስም አውጥተውለት ከሣቴ ብርሃን ብለው ይጠሩታል፤ ትርጓሜውም ብርሃንን የገለጠ ማለት ነው። መታሰቢያውም ሐምሌ 26 ቀን ይከበራል። ስሙን የሚጠሩ ብዙዎች ናቸው፤ ነገር ግን ይህ ታላቅ ስም በምን ዓይነት ድካምና በምን ዓይነት ታማኝነት እንደ ተገኘ ማወቅ ስሙን ብቻ ከመጥራት ይልቅ ይጠቅማል። በዚህ ታሪክ የሚነገሩት ዓመታት በአውሮፓውያን አቈጣጠር የተቈጠሩ ናቸው።

፩. ከጢሮስ እስከ ቀይ ባሕር

ጢሮስ በታላቁ ባሕር ዳር፥ ዛሬ ሊባኖስ በሚባለው አገር የምትገኝ ጥንታዊት ከተማ ናት። ከቀድሞ ዘመን ጀምሮ በመርከበኞችዋና በነጋዴዎችዋ፥ ደግሞም ከባሕር ቀንድ አውጣ በሚወጣው ሐምራዊ ቀለምዋ የታወቀች ነበረች። በአራተኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በሮም ነገሥታት እጅ ነበረች፤ በዚያችም ከተማ ሜሮጵዮስ የሚባል ፈላስፋ ነበረ። ከእርሱ በፊት ሜጥሮዶሮስ የተባለ ሌላ ፈላስፋ ሩቅ አገሮችን ሊያይና ሊመረምር ሄዶ ነበርና፥ ሜሮጵዮስም እንደ እርሱ ለማድረግ ወደደ። የሄደበትንም አገር የዘመኑ ጸሐፊዎች ህንድ ብለው ጽፈዋል፤ በዚያን ጊዜ ብዙ የሮም ሰዎች ከቀይ ባሕር ወዲያ ያሉትን አገሮች በዚህ ስም ይጠሩ ነበርና።

ሜሮጵዮስ ለመንገድ ሲነሣ ሁለት ልጆች ይዞ ሄደ። ልጆቹ ዘመዶቹ ነበሩ፤ እርሱም ያስተምራቸው ነበር። ታላቁ ፍሬምናጦስ፥ ታናሹም ኤዴስዮስ ይባሉ ነበር፤ ኤዴስዮስን የኢትዮጵያ መጻሕፍት ሲድራኮስ ይሉታል።

አገሩን አይተው ሲመለሱ ውኃና ስንቅ ስላለቀባቸው መርከባቸው በአንድ ወደብ ቆመ። በዚያ ዳርቻ የሚኖሩ ሰዎች አንድ ልማድ ነበራቸው፤ ከሮም ሰዎች ጋራ የተደረገው የሰላም ውል የፈረሰ እንደ ሆነ በአገራቸው የተገኘውን የሮም ሰው ሁሉ ይገድሉ ነበር። ውሉም በዚያን ጊዜ ፈርሶ ነበርና በመርከቡ ላይ አደጋ ጥለው ሜሮጵዮስንና ከእርሱ ጋራ የነበሩትን ሁሉ ገደሉ። ውኃ ሊቀዱ የወረዱ መንገደኞች እነርሱ ባልገቡበት ጠብ ሞቱ።

ሁለቱ ልጆች ግን በዚያች ሰዓት በዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠው ትምህርታቸውን ያጠኑ ነበር። ገዳዮቹ በዚያ አገኙአቸው፤ ነገር ግን ልጆች መሆናቸውን ባዩ ጊዜ ራሩላቸው፥ ሳይገድሉም ወስደው ለንጉሣቸው ሰጡአቸው። በአንድ ቀን መምህራቸውን፥ አገራቸውንና ነጻነታቸውን አጡ። ማንም ሊወስድባቸው ያልቻለ ሀብት በልባቸው ያለው ሃይማኖትና የተማሩት ትምህርት ብቻ ነበር።

፪. በአክሱም ቤተ መንግሥት

ልጆቹ የተወሰዱት ወደ አክሱም ንጉሥ ነው። አክሱም በዚያን ዘመን ታላቅ መንግሥት ነበረች። ዛሬም በከተማይቱ የሚታዩት ረጃጅም የድንጋይ ሐውልቶች የጠራቢዎችዋን ጥበብ ይመሰክራሉ። ከወደብዋ ከአዱሊስ የዝሆን ጥርስና ልዩ ልዩ ሸቀጥ በመርከብ እየተጫነ ወደ ሩቅ አገር ይሄድ ነበር። ነገሥታትዋም በወርቅ፥ በብርና በመዳብ ገንዘብ ያሠሩ ነበር፤ በወርቁም ገንዘብ ላይ ስማቸውን በጽርእ ቋንቋ ያስቀርጹ ነበር፤ ከባሕር ማዶ ከሚመጡ ነጋዴዎች ጋራ ለመገበያየት የሚጠቅመው ቋንቋ ጽርእ ነበርና። ስለዚህ ጽርእ አንብቦ የሚጽፍና ሒሳብ የሚያውቅ ልጅ በዚያ ቤተ መንግሥት ዋጋው ትልቅ ነበር። በዛፍ ሥር ሲያጠኑት የነበረው ትምህርት እንዲህ ባለ ስፍራ ይጠቅመናል ብለው አላሰቡም ይሆናል፤ ትምህርት ግን ባለቤቱ ባላሰበው አገርና ባላሰበው ቀን ያገለግላል።

ንጉሡ የልጆቹን ጠባይ ተመልክቶ ለየአንዳንዳቸው እንደ ችሎታቸው ሥራ ሰጣቸው። ኤዴስዮስን ጠጅ አሳላፊ አደረገው። ፍሬምናጦስን ግን አስተዋይና ብልህ መሆኑን አይቶ ሒሳቡንና ደብዳቤውን እንዲጠብቅ ሾመው፤ ይህም ሥራ በኋለኛው ዘመን በኢትዮጵያ በጅሮንድና ጸሐፌ ትእዛዝ የተባሉት ሹማምንት ከሚሠሩት ጋራ ይመሳሰላል።

እንግዲህ የዚህን ሹመት ክብደት ማስተዋል ይገባል። የንጉሥን ጠጅ የሚያሳልፍ ሰው የንጉሡ ሕይወት በእጁ ናት። ሒሳቡን የሚጽፍ ሰው የንጉሡ ሀብት በእጁ ነው፤ ደብዳቤውን የሚጽፍም ምሥጢሩ በእጁ ነው። መምህራቸው በዚያ አገር ሰዎች እጅ የሞተባቸው ሁለት ምርኮኞች በቀልን ቢያስቡ ኖሮ ከዚህ የተመቸ ጊዜ አያገኙም ነበር። ወይም በቀልን ትተው ለራሳቸው ጥቅም ቢያስቡ ከግምጃ ቤቱ ጥቂት ጥቂት እያነሡ፥ ከወደቡ መርከብ እየጠበቁ፥ አንድ ቀን መጥፋት ይችሉ ነበር። እነርሱ ግን ከዚህ አንዱንም አላደረጉም። የተሰጣቸውን ሥራ ለሰው ፊት ሳይሆን በእግዚአብሔር ፊት እንደሚሠሩት አድርገው ሠሩ። ንጉሡም ወደዳቸው፥ በክብርም አኖራቸው።

ከብዙ ጊዜ በኋላ ንጉሡ ሞተ፤ ሚስቱና ገና ሕፃን የሆነው አልጋ ወራሽ ልጁ ቀሩ። ሁለቱንም ወንድማማቾች ነጻ አውጥቶ ወደ ወደዱት እንዲሄዱ ፈቅዶላቸው ነበር። እነሆ፥ ብዙ ዓመት የተመኙት ቀን መጣ። መንገዱ ተከፈተ፥ የሚከለክላቸውም አልነበረም።

ነገር ግን ንግሥቲቱ ልጅዋ እስኪያድግ ድረስ የመንግሥቱን አሳብ አብረዋት እንዲሸከሙ እያለቀሰች ለመነቻቸው። በመንግሥቱ ሁሉ ከእነርሱ ይልቅ የምታምነው ሰው እንደ ሌላት ነገረቻቸው፤ ይልቁንም ፍሬምናጦስን አጥብቃ ለመነችው። ንጉሥ የሞተበት አገር፥ አልጋ ወራሹም ሕፃን የሆነበት ቤት ለጠብና ለዝርፊያ የተጋለጠ እንደ ሆነ ሁሉ ያውቃል። እነርሱም የራሳቸውን ናፍቆት ወደ ኋላ አድርገው የመበለቲቱንና የሕፃኑን አደራ ተቀበሉ። በግድ የገቡበትን ቤት በፈቃዳቸው ጠበቁት። ፍሬምናጦስ ምርኮኛ መሆኑ የቀረው ነጻ በወጣ ቀን ነው፤ ታላቅ ሰው መሆኑ የታወቀው ግን ነጻነቱን ለሌላ ሰው ጥቅም ባዋለበት ቀን ነው።

፫. የጸሎት ቤቶች

ፍሬምናጦስ የመንግሥቱን ሥራ በእጁ በያዘ ጊዜ እግዚአብሔር በልቡ አንድ አሳብ አሳደረበት። ለንግድ ወደ አክሱም ከሚመጡት የሮም ነጋዴዎች መካከል ክርስቲያኖች መኖራቸውን ለማወቅ ይጠያይቅ ጀመር። ባገኛቸውም ጊዜ በየሚኖሩበት ስፍራ ተሰብስበው የሚጸልዩበት ቤት እንዲሠሩ መከራቸው። ምክርም ሰጥቶ ብቻ አልተዋቸውም፤ የቤት መሥሪያ ቦታ ይሰጣቸው ነበር፥ ለሥራውም የሚያስፈልጋቸውን ሁሉ ያዘጋጅላቸው ነበር። የክርስትና ዘር በዚያ ምድር እንዲበቅል በሚችለው ሁሉ ይደክም ነበር።

በዚህ ሥራ ጥበቡ ይታያል። ሥልጣን በእጁ ሳለ ሕዝቡን በአዋጅና በቅጣት ወደ ሃይማኖት ለመንዳት አልሞከረም። አስቀድሞ ክርስቲያን ነን የሚሉት ሰዎች እንደ ክርስቲያን እንዲኖሩ አደረገ። ገበሬ እርሻውን ሳያለሰልስ ዘር አይዘራም፤ እርሱም እንዲሁ ከመዝራቱ በፊት መሬቱን አለሰለሰ። የአገሩም ሰዎች ነጋዴው በገበያ ከሚሸጠው ሸቀጥ ሌላ የሚሰጠው ነገር እንዳለው በእነዚያ በትንንሾቹ የጸሎት ቤቶች ማየት ጀመሩ።

፬. አደራን መመለስ

ሕፃኑ አደገ፥ መንግሥቱንም ለመያዝ ደረሰ። በዚህ ጊዜ ብዙ ሞግዚቶች የሚወድቁበት ፈተና በፍሬምናጦስ ፊት ቆመ። በዓለም ታሪክ የሕፃን ንጉሥ ጠባቂ ሆነው ከተሾሙ በኋላ ሥልጣን ጣፍጦአቸው አልጋውን ለራሳቸው ያደረጉ፥ ወይም ወራሹን በስም ብቻ አንግሠው እነርሱ የገዙ ሰዎች ብዙዎች ናቸው። ፍሬምናጦስና ኤዴስዮስ ግን የተቀበሉትን አደራ ሁሉ ሳያጐድሉ አስረከቡ። ንግሥቲቱና ልጅዋ እንዲቀሩ አጥብቀው ለመኑአቸው፤ እነርሱ ግን ተሰናብተው ወደ ሮም ግዛት ተመለሱ።

እዚህ ላይ የሁለቱ መንገድ ተለያየ። ኤዴስዮስ ወላጆቹንና ዘመዶቹን ለማየት ወደ ጢሮስ ቸኰለ፤ በዚያም ቅስና ተቀብሎ ቤተ ክርስቲያንን አገለገለ። በዚህ ሊነቀፍ አይገባውም፤ ከልጅነቱ ጀምሮ የተለየውን አባትና እናት መናፈቅ የተፈጥሮ ሕግ ነው። ደግሞም ኤዴስዮስ ወደ አገሩ ባይመለስ ኖሮ ይህ ታሪክ ባልተገኘም ነበር። ሩፊኖስ የተባለው የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ጸሐፊ ነገሩን ከራሱ ከኤዴስዮስ አፍ ሰምቶ በ402 ገደማ በላቲን ቋንቋ በጻፈው መጽሐፍ አኖረው። እንግዲህ አንዱ ወንድም ሥራውን ሠራ፥ ሁለተኛው ምስክር ሆነ፤ እግዚአብሔርም በሁለቱም ተጠቀመ።

ፍሬምናጦስ ግን ወደ ጢሮስ አልሄደም። የጌታን ሥራ ሸሽጎ መቀመጥ አይገባኝም ብሎ ወደ እስክንድርያ ሄደ።

፭. በአትናቴዎስ ፊት

በእስክንድርያ መንበር በዚያን ጊዜ የተቀመጠው በ328 የተሾመው ታላቁ አትናቴዎስ ነበር። ፍሬምናጦስ ወደ እርሱ ቀርቦ የሆነውን ሁሉ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተረከለት። በአክሱም ምድር ብዙ ክርስቲያኖች እንደ ተሰበሰቡ፥ የጸሎት ቤቶችም እንደ ተሠሩ፥ ነገር ግን ጳጳስ እንደ ሌላቸው ነገረው፤ የሚገባውንም ሰው መርጦ እንዲልክላቸው ለመነው።

ይህን ነገር አስተውሉ። ፍሬምናጦስ በዚያ አገር ቤተ ክርስቲያንን የተከለ ሰው ነበር፤ ሕዝቡ ያውቀዋል፥ ቤተ መንግሥቱም ያከብረዋል። ራሱን አለቃ አድርጎ ቢሾም በአክሱም የሚቃወመው አይገኝም ነበር። እርሱ ግን ክህነት ከእጅ ወደ እጅ የሚተላለፍ ስጦታ እንጂ በራስ ፈቃድ የሚነሣ ማዕረግ እንዳልሆነ ያውቅ ነበር። ስለዚህ ረጅሙን የባሕርና የምድረ በዳ መንገድ ተጉዞ ለሌላ ሰው ሹመት ለመለመን መጣ። ለራሱ አንዳች አልጠየቀም።

አትናቴዎስም የካህናት ጉባኤ ሰብስቦ በነገሩ ከመከረ በኋላ፥ እንዲህ ላለው ሥራ እንደ ፍሬምናጦስ ያለ የእግዚአብሔር መንፈስ ያደረበት ሰው ከወዴት እንደሚገኝ ጠየቀ። ወዲያውም ጳጳስነትን ሾመው፥ ወደ መጣበትም አገር እንዲመለስ አዘዘው። ፍሬምናጦስ ሌላ ሰው እንዲላክ ለመነ፤ የተላከው ግን እርሱ ራሱ ሆነ።

ከእስክንድርያ እስከ ጢሮስ ያለው መንገድ ወደ አክሱም ከሚወስደው መንገድ ይልቅ እጅግ አጭር ነው። የተወለደበት ቤት ከሰሜን ይጠራው ነበር፤ የተማረከበት ምድር ከደቡብ ይጠራው ነበር። እርሱም ፊቱን ወደ ደቡብ አቀና። መጀመሪያ ወደዚያ የሄደው ከመምህሩ ጋራ አገር ለማየት ነበር፤ በሁለተኛው ጊዜ ግን የመምህሩ ደም በፈሰሰበት ምድር ላሉ ሰዎች ሰላምን ለመስጠት ሄደ። የአገሩ ሰዎች አባ ሰላማ ብለው ስም ማውጣታቸው እንግዲህ ያለ ምክንያት አይደለም።

፮. በድንጋይና በወርቅ የተጻፈ ምስክር

አባ ሰላማ ወደ አክሱም ከተመለሰ በኋላ ብዙ ሕዝብ አስተምሮ አጠመቀ፥ ካህናትንም ሾመ። በዚያን ዘመን በአክሱም የነገሠው ዒዛና ነበር፤ ሣይዛና የተባለም ወንድም ነበረው። የኢትዮጵያ ትውፊት ክርስትናን የተቀበሉትን ነገሥታት አብርሃና አጽብሓ ይላቸዋል፤ ብዙ ሊቃውንትም እነዚህ ስሞች የዒዛናና የሣይዛና ናቸው ይላሉ።

የንጉሡ ልብ መለወጥ በሰው ወሬ ብቻ የቀረ ነገር አይደለም፤ በድንጋይና በገንዘብ ተቀርጾ እስከ ዛሬ ይታያል። ዒዛና በዘመኑ መጀመሪያ ባስቀረጻቸው ጽሕፈቶች ላይ የጦር አምላክ ይባል ለነበረው ለማሕረም ልጅ ነኝ ይል ነበር፤ ለድሉም ምስጋና የሚያቀርበው ለአማልክት ነበር። በኋላ ባስቀረጸው ጽሕፈት ግን የማሕረም ስም የለም፤ ንጉሡ የሚያመሰግነው የሰማይን ጌታ ብቻ ነው። በ1969 በአክሱም በተገኘው በጽርእ ቋንቋ በተጻፈ ሌላ ድንጋይ ላይ ደግሞ የአብ፥ የወልድና የመንፈስ ቅዱስ ስም በግልጥ ተጠርቶአል።

የገንዘቡም ምልክት እንዲሁ ተለወጠ። በፊተኛው ገንዘብ ላይ የጨረቃና የክብ ምልክት ነበረ፤ ይህም የቀድሞው አምልኮ ምልክት ነው። በኋለኛው ገንዘብ ላይ ግን መስቀል ተተካ። የአክሱም ገንዘብ መስቀል ካለባቸው በዓለም ከሚገኙት ገንዘቦች ሁሉ ከመጀመሪያዎቹ ይቈጠራል። በአንድ ወቅት የንጉሥን ሒሳብ ይጽፍ የነበረ ሰው ስለ መስቀሉ ያስተማረው ትምህርት በመጨረሻ በራሱ በገንዘቡ ላይ ታተመ።

በዚያው በዒዛና ዘመን የግዕዝ ፊደል በአናባቢ ምልክት፥ ማለት ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ባሉት ድምፆች እየተለየ መጻፉ በጽሕፈቶቹ ላይ ይታያል። ከዚያ በፊት የነበረው ጽሕፈት እነዚህ ምልክቶች ስላልነበሩበት ለአንባቢ አስቸጋሪ ነበር። የኢትዮጵያ ሊቃውንት ይህን ሥራና የቅዱሳት መጻሕፍትን መተርጐም መጀመር ከአባ ሰላማ ስም ጋራ አያይዘው ይናገራሉ። ዛሬ ፊደል የሚቈጥር ልጅ ሁሉ ከዚያ ዘመን ሥራ ይጠቀማል።

ይሁን እንጂ አገሩ ሁሉ በአንድ ጀምበር አልተለወጠም። የንጉሥ ማመን በር ይከፍታል፤ ነገር ግን የሕዝብን ልብ ለመለወጥ የብዙ ትውልድ ድካም ያስፈልጋል። አባ ሰላማ ከሞተ ከመቶ ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ ተሰዓቱ ቅዱሳን የተባሉት መነኰሳት መጥተው ገዳማትን እየመሠረቱ፥ መጻሕፍትን እየተረጐሙ ሥራውን አሰፉት። እርሱ የተከለውን እነርሱ አጠጡ።

፯. የቈስጠንጢኖስ ልጅ ደብዳቤ

የአባ ሰላማ ታማኝነት በእርጅናውም ዘመን ተፈተነ። ፈተናው በዚህ ጊዜ የመጣው ከአረማውያን ሳይሆን ክርስቲያን ነኝ ከሚል ንጉሥ ነው።

በ325 በኒቅያ የተሰበሰቡት አባቶች ወልድ ፍጡር ነው የሚለውን የአርዮስን ትምህርት አውግዘው ነበር። የታላቁ ቈስጠንጢኖስ ልጅ ቈስጠንስ ግን በነገሠ ጊዜ የኒቅያን ሃይማኖት የሚቃወሙትን ሰዎች ደገፈ። ዋናው ጠላቱም አትናቴዎስ ነበር፤ አትናቴዎስ በዕድሜው አምስት ጊዜ ከመንበሩ ተሰዶአል። በ356 ወታደሮች ሌሊት ሕዝቡ ለጸሎት በተሰበሰበበት ቤተ ክርስቲያን ላይ ወረዱበት፤ እርሱም አምልጦ ወደ ምድረ በዳ ወደ መነኰሳት ሸሸ። በመንበሩም ላይ የቀጰዶቅያ ሰው ጊዮርጊስ ተተካ፤ ይህ ሰው ከሰማዕቱ ከቅዱስ ጊዮርጊስ ሌላ ነው።

ያን ጊዜ ቈስጠንስ እስከ አክሱም ድረስ አሰበ። ወደ ዒዛናና ወደ ሣይዛና ደብዳቤ ጽፎ፥ ፍሬምናጦስ በአትናቴዎስ እጅ የተሾመ ስለ ሆነ ወደ ግብፅ እንዲልኩትና በጊዮርጊስ ፊት ቀርቦ ስለ ሃይማኖቱና ስለ ሹመቱ እንዲመረመር ጠየቃቸው። ይህ ጥያቄ የመጣው ከተራ ሰው አይደለም፤ የፍሬምናጦስ የትውልድ አገር ጢሮስ፥ የተሾመባት ከተማ እስክንድርያ፥ የአክሱም ነጋዴዎችም የሚገበያዩባቸው ብዙ ወደቦች በቈስጠንስ እጅ ነበሩ። ጳጳሱ ለዓለም ክብር የሚያስብ ቢሆን ኖሮ የወደቀውን አትናቴዎስን ክዶ ከብርቱው ንጉሥ ጋራ መስማማት ይቀለው ነበር። ነገሥታቱም ለንግዳቸው ብቻ የሚያስቡ ቢሆኑ ኖሮ አንድ መጻተኛ ጳጳስ አሳልፎ መስጠት ከባድ አይመስላቸውም ነበር።

ነገር ግን የንጉሠ ነገሥቱ ደብዳቤ የፈለገውን አላገኘም። የአክሱም ቤተ ክርስቲያን ከአትናቴዎስ መንበርና ከኒቅያ ሃይማኖት ሳትለይ ጸናች። አትናቴዎስ ደግሞ ይህን ደብዳቤ በእጁ አግኝቶ ለቈስጠንስ መልስ ይሆን ዘንድ በጻፈው የመከላከያ መጽሐፍ ውስጥ ቃል በቃል ገለበጠው። ስለዚህ ፍሬምናጦስን ለመጣል የተጻፈው ደብዳቤ ከብዙ ዘመን በኋላ ስለ ፍሬምናጦስ መኖርና በአክሱም ጳጳስ ስለ መሆኑ የታመነ ምስክር ሆነ። ኤዴስዮስ ለሩፊኖስ የተናገረውን ታሪክ የጠላት ብዕር አጸናው።

፰. የቀረው ፍሬ

አባ ሰላማ ከአክሱም ወደ እስክንድርያ የሄደበት መንገድ ለኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን የዘመናት መንገድ ሆነ። ከእርሱ ጀምሮ 1600 ዓመት ያህል የኢትዮጵያ ጳጳሳት ከእስክንድርያ መንበር እየተሾሙ ይመጡ ነበር፤ በ1951 ግን ኢትዮጵያዊው አቡነ ባስልዮስ ሊቀ ጳጳስ ሆነው ተሾሙ፥ በ1959ም የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፓትርያርክ ሆኑ። ከአባ ሰላማ በኋላ የመጡ አያሌ ጳጳሳት በስሙ ተጠርተዋል፤ ከእነርሱም አንዱ በ14ኛው መቶ ዓመት ብዙ መጻሕፍትን ወደ ግዕዝ በማስመለስ የታወቀው አቡነ ሰላማ ነው። በኢትዮጵያ ብቻ ሳይሆን በካቶሊክና በምሥራቅ ኦርቶዶክስ አብያተ ክርስቲያናት ዘንድም ፍሬምናጦስ ከቅዱሳን ጋራ ተቈጥሮ ይታሰባል።

ይህ ሁሉ ፍሬ የተገኘው ከአንድ ታላቅና ድንገተኛ ሥራ አይደለም። ፍሬምናጦስ ጦር መርቶ አገር አልያዘም። ሒሳብ ሲሰጡት ሒሳቡን አቀና፤ ሕፃን ሲሰጡት ሕፃኑን ጠበቀ፤ መንግሥት ሲሰጡት ጊዜው ሲደርስ መለሰ፤ መንጋም ሲሰጡት በንጉሥ ቍጣ ፊት አልተወውም። በትንሹ የታመነ ሆኖ ስለ ተገኘ ትልቁ ተጨመረለት። በቤተ መንግሥቱ መዝገብ ላይ ቢያታልል ኖሮ ስለ ወንጌል በተናገረ ጊዜ ማን ያምነው ነበር? የአክሱም ሰዎች አስቀድመው ሰውየውን አመኑ፤ ከዚያ በኋላ የሰበከውን አመኑ።

እንግዲህ ልጆች ሆይ፥ ከዚህ ታሪክ ሦስት ነገር ያዙ። መጀመሪያ፥ ዛሬ ጥቅሙ የማይታያችሁን ትምህርት አትናቁ፤ በዛፍ ሥር የተጠና ትምህርት በንጉሥ አደባባይ አገልግሎአልና። ሁለተኛ፥ የሰው ገንዘብና የሰው አደራ በእጃችሁ በገባ ጊዜ የሚያያችሁ ሰው ባይኖርም ሳታጐድሉ መልሱ፤ ስለ እግዚአብሔር የምትናገሩት ቃል የሚታመነው በዚህ ነውና። ሦስተኛ፥ የበደላችሁን ሰው ወይም መከራ ያያችሁበትን ስፍራ ባሰባችሁ ጊዜ ፊቱን ወደ ደቡብ ያቀናውን መንገደኛ አስታውሱ። ወደ ቤቱ ሊመለስ ሲችል ወደ ተማረከበት ምድር ተመለሰ፤ ስለዚህም የአንድ ቤት ልጅ የነበረው የብዙ ሕዝብ አባት ሆነ።